የጠበበው ሥርና የተጎዳው ጡንቻ፦ የልብ ምስል ምን ያሳያል?

ልብ በክፍሎቹ ውስጥ ከሚያልፈው ብዙ ደም ጡንቻውን አይመግብም፤ ምግቡንና ኦክስጅኑን የሚያገኘው ከልብ ከሚወጣው ዋና ደም ቅዳ ሥር፣ ከአኦርታ፣ መነሻ ላይ ተነሥተው ላዩን እንደ ዘውድ ከብበው ወደ ጡንቻው ከሚዘልቁ፣ ስፋታቸው በጥቅሉ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ደም ቅዳ ሥሮች ነው። ኮሮናሪ የሚለው ስማቸውም ከላቲኑ የዘውድ ቃል የመጣ ነው። የእነዚህ ቀጫጭን ሥሮች ግድግዳ በስብና በካልሲየም ክምችት ሲደድር የሚከተለው ሕመም በዓለም ላይ ከማናቸውም ሌላ ሕመም ይልቅ ብዙ ሰው የሚገድል ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በአጠቃላይ በልብና በደም ሥር ሕመሞች እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 17.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል። ሕክምና ይህን ሕመም ሰውነትን ሳይቀድድ ለማየት ራጅን፣ ሲቲ ስካንን፣ አልትራሳውንድን፣ ኤምአርአይንና ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮችን የሚጠቀሙ መሣሪያዎችን አከማችቷል። መሣሪያዎቹ ግን አንድን ነገር በተለያየ ጥራት የሚያሳዩ አይደሉም። አንዱ ሥሩ ጠብቧል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው ጡንቻው ደም አጥሮታል ወይ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከጡንቻው የሞተው የትኛው፣ የተረፈውስ የትኛው ነው ብሎ ይመረምራል። ያለፉት ሰባ ዓመታት የልብ ምስል ታሪክ፣ በአብዛኛው፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልስ ለሦስቱም መልስ አድርጎ የመውሰድና ከዚህ ስሕተት ቀስ በቀስ የመውጣት ታሪክ ነው።

ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ራጅን ካገኘ በኋላ ሐኪሞች አጥንትንና ሳንባን ማየት ቢችሉም፣ የልብ ጡንቻና በውስጡ የሚዘዋወረው ደም በራጅ ፊት አንድ ዓይነት ጥላ ስለሚያጠሉ ሥሮቹን ለይቶ ማየት አልተቻለም ነበር። ጀርመናዊው ቬርነር ፎርስማን እ.ኤ.አ. በ1929 ቀጭን ቱቦ በገዛ ክንዱ ደም መልስ ሥር አስገብቶ እስከ ልቡ ቀኝ ክፍል ካደረሰ በኋላ ራጅ በመነሣቱ፣ ካቴተር የሚባለውን ይህን ቱቦ ወደ ሕያው ልብ ማስገባት ሰውን እንደማይገድል አሳየ፤ ለዚህም ከአንድሬ ኩርናንና ከዲኪንሰን ሪቻርድስ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው ከ27 ዓመታት በኋላ ነበር። ሆኖም በራጅ ጎልቶ የሚታየውን ማቅለሚያ ፈሳሽ በቀጥታ ወደ ኮሮናሪ ሥር መርጨት ልብን ያቆማል የሚለው ፍርሃት እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ማንንም አላስደፈረም።

ፍርሃቱን የሰበረው አጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1958 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ በክሊቭላንድ ክሊኒክ፣ ሜሰን ሶንስ የተባለው የልብ ሐኪም የአንድ የ26 ዓመት ወጣት አኦርታ ላይ ማቅለሚያ እንዲረጭ ባዘዘ ጊዜ የካቴተሩ ጫፍ ሳይታሰብ ተንሸራትቶ ቀኝ ኮሮናሪ ሥር ውስጥ ገብቶ ስለነበር ፈሳሹ በሙሉ ወደዚያ ቀጭን ሥር ፈሰሰ። የወጣቱ ልብ ለጥቂት ሰከንዶች ቆመ፤ ሶንስም ደረቱን ለመክፈት ሲዘጋጅ ሕመምተኛው እንዲያስል ተነግሮት በማሳሉ የልቡ ምት ተመለሰ። በዚያች ቅጽበት የተቀረጸው ፊልም ላይ ግን ማንም በሕያው ሰው እንዲህ ጠርቶ አይቶት የማያውቀው ኮሮናሪ ሥር ከነቅርንጫፎቹ ታይቶ ነበር። ወጣቱ ወደ ምርመራው የመጣው በኮሮናሪ ሕመም ሳይሆን በሩማቲክ የልብ በር ሕመም መሆኑን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል፤ ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የሚጀምረውና በብልጽግና አገሮች እጅግ የቀነሰው ይህ ሕመም በኢትዮጵያ የልብ ሕክምና ክፍሎች ዛሬም የብዙ ልጆችና ወጣቶች ዕጣ ነው።

ኮሮናሪ አንጂዮግራፊ የተባለው ይህ ምርመራ የልብን ሕክምና ለወጠው። ሬኔ ፋቫሎሮ በዚያው በክሊቭላንድ እ.ኤ.አ. በ1967 ከእግር የተወሰደ ደም መልስ ሥርን በመጠቀም የጠበበውን ስፍራ የሚያልፍ መተላለፊያ መሥራት የቻለው፣ አንድሪያስ ግሩንትሲግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 በዙሪክ በትንሽ ፊኛ ሥሩን ከውስጥ ያሰፋው፣ ጥበቱ የት እንዳለ ፊልሙ ስላሳያቸው ነው። ብዙ ሰው ዛሬ በስም የሚያውቀው ስቴንት፣ ማለትም የሰፋው ሥር ተመልሶ እንዳይጠብ የሚደግፈው የብረት መረብ፣ የዚሁ ሐረግ ፍሬ ነው። የተገኘው ጥቅም ታላቅ መሆኑ አያጠራጥርም፤ በተለይ ሥሩ በድንገት በደም መርጋት ተዘግቶ ጡንቻው መሞት ሲጀምር፣ በተለምዶ ሃርት አታክ በሚባለው ጊዜ፣ ቶሎ አንጂዮግራፊ ሠርቶ ሥሩን መክፈት ሕይወት ያድናል።

ነገር ግን አንጂዮግራፊ የሚያሳየው ማቅለሚያው የሞላበትን የሥሩን ክፍተት ብቻ ነው፤ ወንዝን ከሰማይ የሚያይ ሰው የውኃውን ስፋት እንጂ የዳሩን አፈር መቦርቦር እንደማያይ ሁሉ፣ ሐኪሙም የግድግዳውን ውፍረትና በውስጡ የተከማቸውን ስብ አያይም። የቺካጎው የሥነ ደዌ ሊቅ ሲሞር ግላጎቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ከሞቱ ሰዎች የተወሰዱ 136 ልቦችን መርምረው ሲያሳትሙ እንዳሳዩት፣ የስብ ክምችት ሲያድግ ሥሩ መጀመሪያ ወደ ውጭ እየሰፋ ቦታ ይሰጠዋል፤ ክፍተቱ መጥበብ የሚጀምረውም ክምችቱ ከሥሩ ውስጣዊ ስፋት 40 በመቶ ያህል ከያዘ በኋላ ነው። ስለዚህ በአንጂዮግራም ላይ ለስላሳና ሰፊ መስሎ የሚታይ ሥር በግድግዳው ውስጥ ብዙ ሕመም ሊሸከም ይችላል። በዚያው ዘመን ሃርት አታክ ከመምታቱ በፊትና በኋላ የተነሡ ፊልሞችን ያነጻጸሩ ሐኪሞችም፣ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ስፍራ ቀድሞ እጅግ የጠበበው ሳይሆን ቀላል ይመስል የነበረው መሆኑን አስተዋሉ፤ ምክንያቱም ሰውን የሚጥለው ቀስ ብሎ መጥበቡ ሳይሆን የስብ ክምችቱን የሸፈነው ስስ ሽፋን ተቀድዶ ደም በላዩ መርጋቱ ነው። ሕዝቡ፣ አንዳንዴም ሐኪሙ፣ እስከ ዛሬ «ሥርህ 60 በመቶ ተዘግቷል» የሚለውን ቁጥር እንደ ፍርድ መቀበሉ የዚህ ግኝት ትርጉም ገና በሙሉ እንዳልተዋጠ ያሳያል።

ግድግዳውን ራሱን ያለ ካቴተር ማየት የተቻለው በሲቲ ስካን ነው። ሲቲ ስካን ራጅን በሰውነት ዙሪያ እያሽከረከረ ከብዙ አቅጣጫ የሰበሰበውን መረጃ በኮምፒውተር አቀናብሮ የሰውነትን ቁራጭ ምስል የሚያወጣ መሣሪያ ሲሆን፣ ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1971 በለንደን የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ካነሣበት ጊዜ ጀምሮ ለአንጎል ያገለገለውን ያህል ለልብ ለማገልገል ግን ሠላሳ ዓመታት ያህል ፈጅቶበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንጎል ዝም ብሎ ይተኛል፣ ልብ ግን በደቂቃ ሰባ ጊዜ ያህል ይዘልላል። በ2000ዎቹ አጋማሽ 64 ቁራጭ በአንድ ጊዜ የሚያነሡ ፈጣን መሣሪያዎች ሲመጡ፣ የልብን ምት በመድኃኒት ወደ 60 ገደማ አውርዶ፣ ሥሮቹን የሚያሰፋ ናይትሮግሊሰሪን ከምላስ ሥር ሰጥቶ፣ በክንድ ሥር ማቅለሚያ ረጭቶ፣ በሁለት ምት መካከል ልብ ጸጥ በሚልበት ቅጽበት ምስሉን መያዝ ተቻለ። በዘመናዊ መሣሪያ የሚወሰደው የጨረር መጠን ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሚሊሲቨርት አይበልጥም፤ ሰው ከአፈርና ከሰማይ በተፈጥሮ በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ስለሚቀበል ማነጻጸሩ ፍርሃቱን በልኩ ለማስቀመጥ ይረዳል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን አዮዲን ያለበት ማቅለሚያ ጥንቃቄ ይሻል።

ከዚህም የቀለለ የሲቲ ምርመራ አለ። አርተር አጋትስተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ዘዴ፣ ያለ ማቅለሚያ በሚነሣ ምስል ላይ በኮሮናሪ ሥሮች ግድግዳ የተጋገረው ካልሲየም ተለክቶ በአንድ ቁጥር ይገለጻል፤ ዜሮ ካልሲየም አለመታየቱን፣ ከ400 በላይ ደግሞ ብዙ ክምችት መኖሩን ያመለክታል። ካልሲየሙ ራሱ አደጋው አይደለም፤ ሥሩ ለዓመታት ሲቆስልና ሲድን የኖረበት መዝገብ ነው ማለት ይቀላል። በቦሊቪያ ደን ውስጥ በአደን፣ በዓሣ ማጥመድና በእርሻ የሚኖሩት የጺማኔ ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ2017 በላንሴት መጽሔት በወጣው ጥናት 705 ዐዋቂዎቻቸው በሲቲ ሲመረመሩ 85 በመቶው ምንም ካልሲየም አልታየባቸውም፤ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2013 በዚያው መጽሔት በወጣ ሌላ ጥናት ከአራት የዓለም ክፍሎች የተገኙ 137 ጥንታዊ የደረቁ ሬሳዎች በሲቲ ታይተው ከሦስቱ በአንዱ ያህል የደም ሥር መደደር ምልክት ተገኝቷል። ሕመሙ የዘመናዊ ኑሮ ፈጠራ ብቻ አይደለም፣ ኑሮ ግን ያፋጥነዋል ወይም ያዘገየዋል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤል ሲደርሱ የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ብዙም ያልነበረባቸው ሆነው በኋላ ሁለቱም በመካከላቸው እየበዙ መምጣታቸውን የአገሪቱ ሐኪሞች በተደጋጋሚ የመዘገቡት ከዚሁ ጋር የሚነበብ ነው። በአሜሪካም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ኢትዮጵያዊ የአያቱን ጤናማ ሥር እንደ ዋስትና ሊቆጥረው አይገባም። ዜሮ ቁጥርም ቢሆን ሁሉን አያጸዳም፤ በተለይ በወጣቶች የስብ ክምችቱ ገና ካልሲየም ሳይዝ ለስላሳ ሆኖ ሊኖር ስለሚችል፣ የደረት ሕመም ያለበትን ወጣት በዜሮ ብቻ ወደ ቤቱ መሸኘት ስሕተት ይሆናል።

ምስል የሕመምተኛን ዕድል የሚለውጠው ከምስሉ በኋላ የሚደረገው ነገር ሲለወጥ ብቻ ነው። ይህን በግልጽ ካሳዩት አንዱ ስኮት ሃርት የተባለው የስኮትላንድ ጥናት ነው። የደረት ሕመም ያለባቸው 4,146 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በተለመደው ምርመራ ላይ የኮሮናሪ ሲቲ ሲጨመርላቸው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ውጤት በኮሮናሪ ሕመም የሞቱት ወይም ሃርት አታክ የመታቸው ሲቲ ከተነሡት 2.3 በመቶ፣ ካልተነሡት 3.9 በመቶ ነበሩ። በሁለቱ ወገን የተሠራው አንጂዮግራፊና የተደረገው ስቴንትም ሆነ ቀዶ ሕክምና በአምስት ዓመት ውስጥ ተቀራራቢ በመሆኑ፣ ልዩነቱን ያመጣው ፊኛና ቀዶ ሕክምና እንዳልሆነ መገመት ይቻላል። ይልቁንም ሲቲው ለብዙዎች የማይታየውን የግድግዳ ሕመም ስላሳየ ኮሌስትሮልን የሚቀንሰውን ስታቲንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ለሚገባቸው ሰዎች በብዛት ታዘዙ፤ ጥርጣሬ ይዞት የነበረ ሕመምተኛም የራሱን ሥር በዐይኑ አይቶ መድኃኒቱን ቁም ነገር ሳያደርገው አልቀረም። ይህ ውጤት የሲቲን ዋጋ ከስቴንት ጋር ሳይሆን ከዕለታዊ ክኒን ጋር ያስተሳሰረ በመሆኑ ከሁሉም ይልቅ ትኩረት የሚገባው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ጡንቻው በእርግጥ ደም አጥሮታል ወይ የሚለው፣ ልብን በሥራ አስጨንቆ ማየትን ይጠይቃል፤ በዕረፍት ጊዜ በጠበበ ሥርም በቂ ደም ሊያልፍ ስለሚችል ነው። ሕመምተኛው በትሬድሚል ሮጦ ወይም ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት ተወግቶ፣ ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት የሆነ ቴክኒሺየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ወደ ደሙ ይገባና ጡንቻው የሚስበውን ያህል ሲያበራ በካሜራ ይታያል፤ ደም ያነሰው ስፍራ ይደበዝዛል። የዘዴው ድክመት አንዱን ክፍል ከሌላው ማነጻጸሩ ነው፤ ሦስቱም ዋና ሥሮች በእኩል ከጠበቡ ሁሉም እኩል ስለሚደበዝዝ ምስሉ ጤነኛ ይመስላል። ይህን የሚያርመው የደሙን ፍሰት በመጠን የሚለካው ፔት የተባለው ውድ መሣሪያ ነው። በካቴተር በኩል ደግሞ ከጥበቱ በፊትና በኋላ ያለውን ግፊት በቀጭን ሽቦ መለካት ይቻላል፤ ከጥበቱ በኋላ ያለው ግፊት በፊት ካለው 80 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥበቱ ደም ያሳጥራል ይባላል፣ ይህም በዐይን ግምት የሚነገረውን «60 በመቶ» ብዙ ጊዜ ያፈርሰዋል።

ደም ማጠሩ በምስል ከተረጋገጠም በኋላ ሥሩን መክፈት ዕድሜ ይጨምራል የሚለው እምነት ከባድ ፈተና ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ኢስኪሚያ የተባለው ጥናት በ37 አገሮች ያሉ፣ የልብ ጡንቻቸው በመካከለኛ ወይም በከባድ ደረጃ ደም እንዳጠረው በምርመራ የታየባቸው 5,179 ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ሲከታተል፣ ወዲያው ወደ አንጂዮግራፊና ወደ ማስፋት የሄዱት በመድኃኒት ከተያዙት ይልቅ ሞት አልቀነሰላቸውም፤ የደረት ሕመማቸው ግን በይበልጥ ቀንሷል። የጥናቱ አንድ ዝርዝር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች አስቀድመው በሲቲ ታይተው፣ ለግራው የልብ ክፍል ደም የሚያደርሰው ዋናው ግንድ ሥር የጠበበባቸው ሰዎች ከጥናቱ ወጥተዋል፤ እነዚያ ሳይከፈትላቸው ሊቆዩ የማይገባቸው ናቸውና። ስለዚህ ጥናቱ ሲቲን ከጥቅም ውጪ አላደረገም፤ እንዲያውም ማን በመድኃኒት ሊጠብቅ እንደሚችል የመለየት ሥራ ሰጥቶታል።

ሦስተኛውን ጥያቄ በከፊልም ቢሆን በርካሽ የሚመልሰው አልትራሳውንድ ነው። ኢንገ ኤድለርና ሄልሙት ኸርትስ እ.ኤ.አ. በ1953 በስዊድን ሉንድ ከተማ የልብን እንቅስቃሴ በድምፅ ሞገድ ሲመዘግቡ የተጠቀሙት ብረት ውስጥ የተሰወረ ስንጥቅ ለመፈለግ በተሠራ የፋብሪካ መሣሪያ ነበር። ዛሬ በአጭሩ ኢኮ የሚባለው ይህ ምርመራ ጨረር የለውም፣ ወደ ሕመምተኛው አልጋ ይሄዳል፣ የትኛው የጡንቻ ግድግዳ መንቀሳቀሱን እንዳቆመና በእያንዳንዱ ምት ግራው ክፍል ከያዘው ደም ስንት በመቶውን እንደሚረጭ ያሳያል። ይህ ልኬት በጤነኛ ልብ ከ55 በመቶ ገደማ ይጀምራል፤ ከ40 በታች ሲወርድ ልብ ደክሟል ማለት ነው። በኢትዮጵያ ኢኮ በይበልጥ የሚታወቀው የሩማቲክ ሕመም የጎዳቸውን የልብ በሮች በመመርመር ቢሆንም፣ በዚያ ሥራ የሠለጠነ እጅ የኮሮናሪ ሕመም ያቆሰለውን ጡንቻም ያያል፤ ሲቲና ካቴተር በጥቂት ከተሞች ብቻ በሚገኙበት አገር ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ከማንኛውም ምስል የሚቀድም ነገር ደግሞ አለ። ብዙ ሰው ደረቱን የጨመደደውን ሕመም ለጨጓራ ወይም ለብርድ ሰጥቶ ሰዓታት ያሳልፋል፤ በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው ሲቲ ሳይሆን የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው፣ በደቂቃዎች የሚነሣው ኢሲጂና ጡንቻ ሲሞት ወደ ደም የሚወጣውን ትሮፖኒን የሚለካ የደም ምርመራ ነው። በኢሲጂው ሥሩ እንደተዘጋ ከታየም ለምስል ቀጠሮ እየተጠበቀ ጡንቻ መሞት የለበትም።

ከሁሉ በጥራት የሞተውን ከሕያው የሚለየው ኤምአርአይ ነው። ጋዶሊኒየም የተባለው ንጥረ ነገር ያለበት ፈሳሽ በሥር ሲሰጥ ወደ ጤነኛ ሕዋስ ውስጥ አይገባም፤ ሕዋሶች በሞቱበትና በጠባሳ በተተኩበት ስፍራ ግን ብዙ ክፍተት ስለሚያገኝ ይከማቻል፣ ለመውጣትም ይዘገያል፤ ከአሥር ደቂቃ ያህል በኋላ በሚነሣው ምስል ጠባሳው በጥቁሩ ጡንቻ መካከል ነጭ ሆኖ ይታያል። ኮሮናሪ ሲዘጋ ጡንቻው መሞት የሚጀምረው ከውስጠኛው ሽፋን ሆኖ ወደ ውጭ ስለሚስፋፋ፣ ነጩ ጠርዝ ከውስጥ ጀምሮ ምን ያህል ውፍረት እንደያዘ ማየት ጉዳቱን ይለካል። ሬይመንድ ኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት የ50 ሰዎች ጥናት፣ ጠባሳው ከግድግዳው ውፍረት ግማሹን ያለፈበት ስፍራ ሥሩ ከተከፈተ በኋላ ጉልበቱን የመመለስ ዕድሉ እጅግ ትንሽ ሆኖ ተገኝቷል። በኢኮ ሲታይ ሁለቱም የማይንቀሳቀሱ፣ አንዱ ግን ሕያው ሆኖ የተኛ ሌላው የሞተ ጡንቻ መሆናቸውን መለየት በመቻሉ፣ ብዙ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናንም ሆነ ስቴንትን የሚወስኑበት መሠረት ተገኘ ብለው ተቀበሉት።

ያም መደምደሚያ በችኮላ የተያዘ ሆኖ ተገኘ። የመርጨት አቅማቸው 35 በመቶ ወይም ከዚያ በታች በሆነ 1,212 ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ስቲች የተባለው ጥናት ከአሥር ዓመት ክትትል በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳየው፣ ከመድኃኒት ጋር መተላለፊያ የተሠራላቸው 58.9 በመቶ ሲሞቱ በመድኃኒት ብቻ ከተያዙት የሞቱት 66.1 በመቶ ነበሩ፤ ከዚሁ ጥናት በወጣ ሌላ ትንተና ግን የቀዶ ሕክምናው ጥቅም ሕያው ጡንቻ በምስል ታይቶላቸው በነበሩትና ባልታየላቸው መካከል አልተለየም። በብሪታንያ 700 ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ሪቫይቭድ ደግሞ ይበልጥ ጠንካራ ነበር፤ ልባቸው የደከመና ሕያው ጡንቻ እንዳላቸው በምስል የተረጋገጠ ሰዎች ስቴንት ቢደረግላቸውም፣ መሞት ወይም በልብ ድካም ሆስፒታል መግባት በስቴንቱ ወገን 37.2 በመቶ፣ በመድኃኒቱ ወገን 38 በመቶ ሆኖ አንድ ያህል ሆነ። ከዚሁ ጥናት በቀጣዩ ዓመት በወጣው ትንተና፣ የተኛው ሕያው ጡንቻ ብዛት የሕመምተኛውን ዕጣ አልተነበየም፤ የጠባሳው ስፋት ግን፣ ስቴንት ተደርጎም ሆነ ሳይደረግ፣ ማን እንደሚብስበት አስቀድሞ አሳይቷል።